የመኪና ጐማ በአንድ ወገን የሚበላው ስለ ምንድን ነው?

ሊስትሮ ዘንድ ተቀምጦ ጫማውን ያስጠረገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የጫማ ተረከዝ እኩል አያልቅም። አንዱ ሰው ክብደቱን ወደ ውጭ እየጣለ ይራመዳልና የውጭው ጠርዝ ቀድሞ ይሳሳል፤ ሌላው ጉልበቱ ወደ ውስጥ ይገጥማልና የውስጡ ይበላል። ልምድ ያለው ጫማ ሰፊ ተረከዙን ገልብጦ አይቶ፥ ባለቤቱ እንዴት እንደሚራመድ ሰውየውን ሳያየው ሊናገር ይችላል። የመኪናም ጐማ እንደዚሁ ነው። ሆኖም ጐማው በአንድ ወገን የተበላበት ባለመኪና፥ የመኪናውን አረማመድ ከመመርመር ይልቅ ጐማውን፥ ጐማውን የሠራውን ፋብሪካ፥ አልፎ አልፎም ጐማውን የሸጠለትን ነጋዴ ሲያማ ይሰማል።

ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ነገር ቀላል ነው። አባቴ ቡና የሚጭን አይሱዙ ይነዳሉ። ባለፈው ዓመት የመኪናቸው የፊት ጐማዎች ግማሽ ዕድሜያቸውን እንኳ ሳይጨርሱ የውጭ ጠርዛቸው ተልጦ ሁለት ጊዜ ተለወጡ። የሁለት ጐማ ዋጋ ለእኔና ለታናናሾቼ ደብተርና ልብስ ከሚወጣው እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ነገሩ የሾፌሮች ወሬ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤታችን ጉዳይ ሆነ። አባቴ፥ «የዛሬ ጐማ እንደ ድሮው አይደለም» ይሉ ነበር። እኔም በክረምቱ የዕረፍት ወራት ከሰቶ ሰመሮ ብዙ በማይርቅ የአንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋራዥ እየዋልሁ ያየሁትን፥ በፊዚክስና በሒሳብ ክፍላችን ከተማርነው ጋር አጣምሬ እነሆ አቀርባለሁ።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከጅማ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የምትገኘው የቡና ከተማ አጋሮ ያለችበት ወረዳ ስሙ ጎማ ነው፤ ጥንት ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበረ። ከእኛ ክፍል አንዳንዶቹ የመኪና ጐማ ስሙን ያገኘው ከዚያ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የመኪናው ጐማ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ቸርኬም፥ ባሌስትራም፥ ኩሽኔታም፥ ክሪክም፥ ጐሚስታም እንዲሁ ከጣሊያኖች ጋር የመጡ የጋራዥ ቃላት ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ጐማ መሬትን የሚነካው ምን ያህል እንደ ሆነ እንገምት። ክብደቷ 1,200 ኪሎ ግራም የሆነች ትንሽ የቤት መኪና ብንወስድ፥ ለእያንዳንዱ ጐማ 300 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሰዋል። በጐማው ውስጥ ያለው አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 2.2 ኪሎ ግራም ኃይል የሚገፋ ቢሆን፥ 300ን ለ2.2 ስናካፍል 136 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ይህም የአንድ ሰው መዳፍ ስፋት ነው። መኪናዋ የምትሄደው፥ የምትታጠፈውና የምትቆመው በአራት መዳፍ መሬት ነው ማለት ነው። ከእነዚህ ከአራቱ መዳፎች አንዱ ግማሹ ብቻ መሬት ቢነካ ምን እንደሚደርስ አንባቢ ራሱ ሊገምት ይችላል።

አየር የተሞላ ጐማ በመጀመሪያ የታሰበው ቶምሰን በተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ እርሱም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1845 የፈጠራ መብት አወጣበት። ነገር ግን የሚፈልገው ስለ ጠፋ ተረስቶ ቀረ። በ1888 ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ብሎ እንደገና ሠራውና በዚያው ዓለምን አዳረሰ። ወደ አገራችንም የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመሪው ነገር ግን ከአውቶሞቢል ይልቅ ይቀድማል። ሠረገላ ሲታጠፍ በውስጥ በኩል ያለው መንኰራኵር በጠባብ ክብ፥ በውጭ በኩል ያለው በሰፊ ክብ ስለሚዞር ሁለቱ እኩል ቢታጠፉ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ይሄዳል። ይህንን ያስቀረው ላንከንስፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ሲሆን፥ በ1818 በለንደን መብቱን ያስመዘገበለት ወኪሉ አክርማን ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ ዘዴው የሚጠራው በወኪሉ ስም ነው፤ የሠሪው ስም ተረስቷል።

አሁን ወደ ጐማው አበላል እንመለስ። ጐማ የሚያልቅባቸው መልኮች ልዩ ልዩ ናቸው። መካከሉ ብቻ አልቆ ጠርዞቹ የቀሩ እንደ ሆነ፥ አየሩ ከልክ በላይ ሞልቶ ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መካከሉ የቀረ እንደ ሆነ አየሩ አንሶ ወይም ጭነቱ በዝቶ ነበር። እነዚህን ሁለቱን ማንኛውም ጐሚስታ በአየር መለኪያው ያርማቸዋል። በጐማው ዙሪያ እዚህም እዚያም ጐድጐድ ጐድጐድ ያለ እንደ ሆነ፥ ጐማው መሬት ላይ እየነጠረ ይሄዳልና የደከመ ሾክ አብዞርበር ወይም ያልተስተካከለ የጐማ ሚዛን አለ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላው ነው፤ ይኸውም አንዱ ጠርዝ እንደ ተላጨ ራስ ለስልሶ ሌላው ጠርዝ እንደ አዲስ ሲሆን ነው። በመርካቶ በረባሶ የሚሠሩት ሰዎች ይህን ጐማ ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል፤ ያልተበላው ወገን ጥሩ ወፍራም ጫማ ይወጣዋልና። ለባለመኪናው ግን ከጐማው ግማሹን ሳይጠቀምበት እንደ ጣለው ነው።

የዚህ የአንድ ወገን አበላል ዋና ምክንያት የጐማዎቹ አተያይ ነው። ሁለት የፊት ጐማዎች ከላይ ሆነን ብናያቸው ፍጹም ትይዩ ሆነው ወደ ፊት የሚያዩ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ፊታቸውን በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አቀራርበው እንዲያዩ ይደረጋሉ። ይህም በብልሃት ነው፤ መኪናው ሲሄድ መንገዱ ጐማዎቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋልና በመገጣጠሚያዎቹ ባለችው ጥቂት ክፍተት ወደ ውጭ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ ቆመው ጥቂት የገጠሙት ሲሄዱ ትይዩ ይሆናሉ። መጋጠሙ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሁለቱም ጐማዎች እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ይሄዳሉ፤ የውጭ ጠርዛቸውም ይፋቃል። በተቃራኒው ተከፍተው የሚያዩ እንደ ሆነ የውስጥ ጠርዛቸው ይፋቃል።

ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፥ በሒሳብ ላስረዳው። የአይሱዙ ጐማ ከዳር እስከ ዳር 80 ሳንቲ ሜትር፥ ማለትም 800 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የአባቴ መኪና በተለካ ጊዜ ሁለቱ ጐማዎች ከፊት ከታዘዘው ይልቅ በ16 ሚሊ ሜትር ተቀራርበው ተገኙ። ለሁለቱ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 8 ለ800 ሲካፈል አንድ መቶኛ ነው። ይህ ማለት ጐማው ወደ ፊት 100 ሜትር በተንከባለለ ቊጥር 1 ሜትር ወደ ጐን ይጐተታል። በአንድ ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ይሆናል። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ያ ጐማ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ጐን ተጐትቷል። አንድ ሰው ጐማውን በገመድ አስሮ፥ ቡና የተጫነበት አስመስሎ፥ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በር እስከ መርካቶና ከዚያም አልፎ በአስፋልት ላይ ቢጐትተው ጐማው ምን እንደሚተርፈው ማሰብ ነው። ሲመለስም እንዲሁ ነው። ይህን ሒሳብ ለአባቴ በወረቀት ሠርቼ ባሳየኋቸው ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ድሮ ጐማ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ጐማው እየተፋቀ መሆኑን ገና ሳያልቅ ለማወቅ የሚቻልበት ቀላል መንገድ አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ መዳፍን በጐማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፥ ቀጥሎም ከውጭ ወደ ውስጥ ማንሸራተት ነው። በአንደኛው አቅጣጫ ለስላሳ ሆኖ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ የሚይዝ ከሆነ ጐማው ወደ ጐን እየተጐተተ ነው። እጃችን ከውስጥ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚቧጭረን እንደ ሆነ ጐማዎቹ ከልክ በላይ ገጥመዋል፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ የሚቧጭረን እንደ ሆነ ተከፍተዋል። ይህ ምልክት ጠርዙ ተልጦ ለዓይን ከመታየቱ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ይገኛል። ዓይን የማያየውን እጅ እንደሚያገኝ በዚህ ተረዳሁ።

አለካኩም ቢሆን ማሽን የግድ አያስፈልገውም። በትላልቅ ጋራዦች ዛሬ ካሜራ ባላቸው ማሽኖች ይለካል፤ ሽማግሌው መካኒክ ግን በጠመኔ፥ በሚስማርና በሜትር ይለኩታል። መጀመሪያ መኪናው በደልዳላ መሬት ይቆማል፤ የጐማዎቹ አየር እኩል ይደረጋል። ከዚያ የፊቱ አንድ ጐማ በክሪክ ተነሥቶ እየተሽከረከረ የጥርሱ መካከል በጠመኔ ይቀባል፤ በጠመኔው ላይም ሚስማር በአንድ ቦታ ተደግፎ ሲያዝ ጐማው ራሱ እየዞረ ቀጭንና ቀጥ ያለ መሥመር ያሰምርለታል። ሁለተኛውም እንዲሁ ይደረጋል። መኪናው ወደ መሬት ወርዶ፥ መሪው ቀጥ ብሎ፥ ጥቂት ወደ ፊት ተገፍቶ እንዲረጋ ከተደረገ በኋላ፥ በሁለቱ መሥመሮች መካከል ያለው ርቀት ከጐማዎቹ ፊት በኩል በመንኰራኵሩ እምብርት ቁመት ይለካል፤ ከኋላ በኩልም በዚያው ቁመት ይለካል። የሁለቱ ልዩነት የሚፈለገው ቊጥር ነው። መሥመሩ በጐማው ላይ የተሰመረው ጐማው ራሱ ሲዞር ስለ ሆነ፥ ቸርኬው ትንሽ ቢጐብጥ እንኳ ልኬቱን አያበላሸውም። እኔ ሜትሩን በአንድ ወገን ይዤ ነበር፤ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ስሕተት እንዳይገባ ሦስት ጊዜ ለካን።

የሁለቱን የፊት ጐማዎች አተያይ የሚያያይዘው ከአክስሉ በስተኋላ የተጋደመ አንድ ዘንግ ነው። የዘንጉ አንዱ ጫፍ በቀኝ ጥርስ፥ ሌላው ጫፍ በግራ ጥርስ ስለሚታሰር፥ ማሰሪያ ዳዶዎቹ ላልተው ዘንጉ ሲጠመዘዝ ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል። ሲረዝም የጐማዎቹን ጀርባ ይገፋቸዋልና ፊታቸው ይገጥማል፤ ሲያጥር ይከፈታል። በአንዳንድ መኪናዎች ዘንጉ ከአክስሉ ፊት ስለሚገኝ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በአባቴ መኪና ከጥቂት ወራት በፊት የዘንጉ ጫፍ ተለውጦ ነበር፤ የለወጠው ሰው ግን በዓይኑ አይቶ ዳዶውን አስሮ ለቀቀው እንጂ አልለካውም። ሁለት ጥንድ ጐማ የበላው ያ የአሥር ደቂቃ ቸኩሎ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ መካኒኩ አጥብቀው የተናገሩትን ሳልጠቅስ አላልፍም። የላላ ነገር ባለበት መኪና ላይ አላይመንት መሥራት ገንዘብ መጣል ነው። ጐማው በክሪክ ተነሥቶ በላይና በታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም መንኰራኵሩ የሚታጠፍበት ምሶሶ አልቋል፤ በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያዎች አልቀዋል። እነዚያ ሳይለወጡ ዛሬ የተስተካከለው ነገ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይበላሻል። ወደ ደዶና ወደ ሊሙ የሚመላለሱ መኪናዎች ከአስፋልት በወጡ ቊጥር ይህ ይደርስባቸዋል።

ከአተያዩ ሌላ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የጐማው ወደ ላይ አቋቋም ነው፤ ጐማው ከፊት ሆነን ስናየው ራሱን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ማለት ነው። ሁለተኛው መንኰራኵሩ የሚታጠፍበት ምሶሶ ወደ ኋላ መጋደሉ ነው፤ የብስክሌት የፊት ሹካ ጋደል ብሎ የሚሠራው ለዚሁ ነው፤ መሪውን ለቀቅ ስናደርገው ጐማው በራሱ እንዲቃና ያደርገዋል። ይህ ሁለተኛው ጐማን እምብዛም አይበላም፤ በግራና በቀኝ የተለያየ እንደ ሆነ ግን መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል። ባሌስትራ ላይ በተቀመጠ ድፍን አክስል፥ እንደ አይሱዙ ባለው፥ የጐማው አቋቋም ፋብሪካ እንደ ሠራው ይቀራል፤ የሚለወጠው አክስሉ ከጭነት ብዛት የጐበጠ እንደ ሆነ ነው። በስፖርት መኪና ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው።

በነሐሴ ወር አንዲት ዝቅ ያለች ሁለት በር የስፖርት መኪና ወደ ጋራዡ መጣች። ባለቤቷ ለሠርግ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ሲሆን፥ በማግሥቱ ሊመለስ አስቦ መሪው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጠምዘዝ ብሎ ስለሚቆምበት እንዲታይለት ፈለገ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ከበቧት፤ በጅማ እንደዚህ ያለ መኪና በየቀኑ አይታይምና። መካኒኩ ከመሪው አስቀድመው ወደ ኋላ ጐማዎች ሄደው አጎነበሱ።

ወጣቱም፥ «ጋሼ፥ የኋላዎቹ እኮ አዲስ ናቸው፤ ጥርሳቸውን ይዩት» አላቸው።

«ይህማ የሚታየው ነው» አሉና ወደ እኔ ዞረው፥ «እስቲ አንተ ልጅ፥ እጅህን ከውስጥ በኩል ስደድ፤ ቀስ ብለህ ግን» አሉኝ።

ከውጭ በኩል የጥርሱ ጥልቀት ስድስት ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከውስጥ በኩል ግን ጥርስ የሚባል አልነበረም፤ ጣቴን የወጋኝ ከጐማው ሆድ የወጣ የብረት ሽቦ ነው። በዛሬ ጐማዎች ጥርስ ሥር የብረት ሽቦ መቀነት አለ፤ ሽቦው ከታየ ጐማው አልቋል ብቻ ሳይሆን ሊፈነዳ ተቃርቧል ማለት ነው። መኪናዋ ዝቅ ያለች ጐማዋም ሰፊ ስለ ሆነ፥ ሰው መሬት ላይ ካልተኛ በቀር የውስጡን ጠርዝ አያየውም። ወጣቱ ተንበርክኮ አየና ተነሥቶ ለጊዜው ምንም አልተናገረም። በማግሥቱ በሰኮሩና በሳጃ በኩል አልፎ ከአበልቲ ወደ ጊቤ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ሊነዳ ነበር፤ ሙሽሮቹንም ጭኖ።

የስፖርት መኪና ጐማዎች ራሳቸውን ወደ ውስጥ አዘንብለው እንዲቆሙ ሆን ተብሎ ይሠራሉ። ምክንያቱም መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ አካሉ ወደ ውጭ ይጋደላል፤ ክብደቱን የሚሸከመው የውጭው ጐማም አብሮ ወደ ውጭ ይዘነብላል። አስቀድሞ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ጐማ በዚያን ሰዓት ቀጥ ይልና ሙሉ መዳፉን መሬት ያስነካል። ለእሽቅድምድም ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ግን መኪናዋ ዘወትር በውስጥ ጠርዟ ትቆማለች።

መካኒኩ ልኩን እንድናውቅ ቱንቢ አመጡ፤ ግንበኞች የግድግዳ ቀጥታ የሚለኩበት ክብደት ያለው ክር ነው። ክሩ ከጐማው አጠገብ ተንጠልጥሎ የቸርኬውን ታችኛ ጠርዝ ሲነካ፥ ከላይኛው ጠርዝ 15 ሚሊ ሜትር ራቀ። የቸርኬው ቁመት 430 ሚሊ ሜትር ነበር። 15ን ለ430 ስናካፍል 0.035 ገደማ ይሆናል፤ በትሪጎኖሜትሪ ሠንጠረዥ ታንጀንቱ ይህ የሆነ ማዕዘን 2 ዲግሪ ነው። ጓደኞቼ ሠንጠረዡ ለፈተና ብቻ የተሠራ የሚመስላችሁ ብትኖሩ፥ በጋራዥ ሲያገለግል በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገር ግን 2 ዲግሪ ለእንደዚህ ያለ መኪና ያልተለመደ አይደለም፤ ማዘንበል ብቻውን ጐማን የሚበላው ቀስ ብሎ ነው። እንደ መጋዝ የሚፈጀው አተያዩ ነው። ስለዚህ በመኪናዋ ግራና ቀኝ ሁለት ክር ትይዩ አድርገን ወጥረን ከክሩ እስከ ኋላ ቸርኬዎች ፊትና ጀርባ ለካን። ሁለቱም የኋላ ጐማዎች ወደ ውጭ ተከፍተው ተገኙ፤ የቀኙ ከግራው ይበልጥ። በብዙ የስፖርት መኪናዎች የኋላ ጐማዎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ በክንዶች ተንጠልጥለዋል፤ አተያያቸውም እንደ ፊቶቹ ይለወጣል። ወጣቱ ሲጠየቅ፥ መኪናዋ ዝቅ ብላ እንድታምር ስፕሪንጎቿን ከጥቂት ወራት በፊት አስቆርጦ ኖሯል። መኪና ዝቅ ሲል ክንዶቹ ማዕዘናቸውን ይለውጣሉ፤ ክንዶቹ ሲለወጡ ጐማዎቹ አቋቋማቸውንም አተያያቸውንም ይለውጣሉ። ስፕሪንግ አስቆርጦ አላይመንት ሳያስለኩ መንዳት፥ ሱሪ አስቆርጦ ጠርዙን ሳያሰፉ እንደ መልበስ ያለ ነው፤ ብቻ ሱሪ ሰው አይገድልም።

መሪው ተጣሞ የሚቆመውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ሁለቱ የኋላ ጐማዎች እኩል ያልተከፈቱ እንደ ሆነ መኪናውን የሚገፉት በቀጥታ ወደ ፊት ሳይሆን በሰያፍ ነው፤ ሾፌሩም ሳያውቀው መሪውን ጥቂት ጠምዝዞ ያቃናዋል። ስለዚህ አላይመንት ሲሠራ ከኋላ ተጀምሮ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የፊቱን ብቻ ያስተካከለ ሰው መሪውን አቃንቶ በሽታውን ይተወዋል። በጭነት መኪናም ይህን የሚመስል ነገር አለ። የባሌስትራውን ቅጠሎች የሚያስረው መካከለኛ ብሎን ሲቆረጥ የኋላ አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መኪናውም ውሻ ሲሮጥ የኋላ እግሮቹ ከፊቶቹ ጐን እንደሚሄዱ ሆኖ ይሄዳል። ከኋላው የሚነዳ ሰው በግልጥ ያየዋል፤ የሚነዳው ሾፌር ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። እንግዲህ አይታችሁ ለሾፌሩ መንገር ነውር አይደለም።

ወጣቱ ጕዞውን ሁለት ቀን አቆየ፤ ሙሽሮቹ በሌላ መኪና ሄዱ። ጐማ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከለት፤ ክንዶቹም ሊስተካከሉ የሚችሉትን ያህል ተስተካከሉ። የፊቶቹን ጐማዎች ወደ ኋላ ለማዛወር ጠይቆ ነበር፤ ነገር ግን የኋላዎቹ ከፊቶቹ የሚሰፉ በመሆናቸው አልተቻለም። ብዙዎች የስፖርት መኪናዎች እንዲህ ናቸው፤ በቤት መኪናና በአይሱዙ ጐማን ከፊት ወደ ኋላ እያቀያየሩ ዕድሜውን ማስረዘም ሲቻል፥ በእነርሱ ግን አይቻልም፤ ስለዚህ አላይመንታቸው ይበልጥ ሊጠበቅ ይገባዋል።

ስለ ባጃጅ የጠየቃችሁኝ ጓደኞች ነበራችሁ። ባጃጅ ከፊት አንድ ጐማ ብቻ ስላላት የሚጋጠም ወይም የሚከፈት ጥንድ የላትም። ነገር ግን ሁለቱ የኋላ ጐማዎቿ እያንዳንዳቸው በየክንዳቸው የታሰሩ ናቸው፤ ከቦይ ወጥታ ክንዷ ከጐበጠ የዚያ ወገን ጐማ እንደ ስፖርት መኪናዋ ይበላል። ክንዱን በመዶሻ ማቃናት ሲሞከር አይቻለሁ፤ ውጤቱን ግን አላመሰግነውም።

ስለ ዝናብም ጥቂት ልበል። በጅማ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ይዘንባል። የጐማ ጥርስ ዋና ሥራው ውኃውን በቦዮቹ አስወጥቶ ጐማው መሬቱን እንዲነካ ማድረግ ነው። አዲስ የትንሽ መኪና ጐማ ጥልቀቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ በአውሮፓ አገሮች ሕግ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጐማ መንዳት ክልክል ነው። በአንድ ወገን የተበላ ጐማ በመካከሉ ሲለካ ሕጉን ያለፈ ሊመስል ይችላል፤ በውኃ ላይ ሲደርስ ግን ለስላሳው ወገን እንደ ታንኳ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ጥልቀት ሲለካ በሦስት ቦታ፥ በውስጥ ጠርዝ፥ በመካከልና በውጭ ጠርዝ መለካት ይገባል። ለዚህም የማስመሪያችን ጫፍ ይበቃል።

የአባቴ አይሱዙ ዘንጉ ከተስተካከለ በኋላ አዲስ የፊት ጐማዎች ገቡለት። የቡናው ወራት ከጀመረ ወዲህ አባቴ ወደ አዲስ አበባ ሲመላለሱ ሰንብተው በጥር ወር ማስመሪያዬን ይዤ ለካሁት፤ በግራው ጐማ በውጭ ጠርዝ 9 ሚሊ ሜትር፥ በውስጥ ጠርዝ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። በቀኙ ሁለቱም 9 ናቸው። ቊጥሮቹን አባቴ በመኪናው የጸሐይ መከላከያ ጀርባ በእርሳስ ጽፈዋቸዋል፤ ከሥራቸውም ለሚያዝያ ልኬት ባዶ ቦታ ትተዋል።